የቀበቶው ቀለምና የባለቤቱ ሙያ

የሰው ልጅ በማኅበር መኖር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ታላቅና ታናሽ፣ መምህርና ተማሪ፣ መሪና ተከታይ የሚለዩበትን ሥርዓት ሲያበጅ ኖሯል። ማዕርግ የሚባለው ነገር የተወለደውም ከዚሁ ሥርዓት ነው። ማዕርግ በድካም ሲገኝ ለባለቤቱ ክብር፣ ለተመልካቹ ደግሞ አርአያ ይሆናል። በገንዘብ ወይም በአማላጅ ሲገኝ ግን ባለቤቱን ያታልላል፤ የደከመውንም ሰው ተስፋ ያስቆርጣል። ይህ እውነት የሚታየው በመሥሪያ ቤትና በጦር ሠራዊት ብቻ አይደለም። ወጣቶች ካራቴ፣ ጁዶና ቴኳንዶ በሚማሩባቸው ማሠልጠኛዎች ውስጥም ማዕርግ አለ፤ የማዕርግ ዕድገት አለ፤ ለባለ ማዕርግ የሚሰጥ ክብርም አለ። ስለዚህ የእነዚህን ማሠልጠኛዎች ሥርዓት መመርመር ስለ ማዕርግ ጠቅላላ ጠባይ ብዙ ያስተምራል።

ለዚህ ምርመራ የኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ናይሮቢ በ1899 እ.ኤ.አ. የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር ሆና የተቆረቆረች፣ ስሟንም «ቀዝቃዛ ውኃ» ከሚል የማሳይ ቃል ያገኘች ከተማ ናት። ዛሬ በከተማይቱ የማኅበረሰብ አዳራሾች፣ በትምህርት ቤቶችና በስፖርት ክበቦች የሚደረገውን ልምምድ የተመለከተ ሰው አንድ ዓይነት ሥርዓት ያያል። ሠልጣኞቹ ጫማቸውን አውልቀው ወደ ልምምዱ ስፍራ ሲገቡ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሣሉ። ከዚያም በማዕርጋቸው ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ፤ ባለ ጥቁር ቀበቶዎቹ በአንደኛው ጫፍ፣ ባለ ነጭ ቀበቶዎቹ በሌላው ጫፍ ይቆማሉ። የሀብታምና የድኻ ልጅ፣ የኪኩዩና የሉኦ ተወላጅ አንድ ዓይነት ነጭ ልብስ ለብሰው በአንድ ረድፍ ሊገኙ ይችላሉ። የሚለያቸው በወገባቸው የታጠቁት ቀበቶ ቀለም ብቻ ነው። ቢያንስ የሥርዓቱ ዓላማ ይህ ነው። ነገር ግን ያ ቀለም ስለ ባለቤቱ እውነቱን ይናገራልን? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

የቀበቶ ማዕርግ ብዙ ሰው እንደሚገምተው እጅግ ጥንታዊ አይደለም። ምንጩ ጃፓን ነው። ጂጎሮ ካኖ የሚባል መምህር በ1882 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ከተማ ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ካኖ የጥንቱን የጃፓን ትግል አደገኛ ስልቶች አርሞ፣ ጁዶ ለአካልና ለአእምሮ ማነጫ እንዲሆን አደረገ። ትምህርቱንም በደረጃ ከፈለው። ከፍተኛዎቹ ደረጃዎች «ዳን» ተባሉ፤ ይህም ቀደም ሲል ጎ በሚባለው የሰሌዳ ጨዋታ የተጫዋቾች ችሎታ ይለካበት የነበረ ቃል ነው። በ1883 እ.ኤ.አ. ሁለት ተማሪዎች የመጀመሪያውን ዳን ተቀበሉ። ጥቁር ቀበቶ የባለ ዳን ምልክት የሆነው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው።

ካራቴ በበኩሉ በኦኪናዋ ደሴት ያለ ቀበቶና ያለ ዳን ይሰጥ የነበረ ትምህርት ነው። ጊቺን ፉናኮሺ የተባለ የትምህርት ቤት መምህር በ1922 እ.ኤ.አ. ካራቴን በቶኪዮ ካሳየና በዚያው ማስተማር ከጀመረ በኋላ፣ የካኖን ሥርዓት ተከትሎ በ1924 ለተማሪዎቹ የመጀመሪያውን ዳን ሰጠ። የኮሪያው ቴኳንዶም ይህንኑ የሚመስል ሥርዓት ያዘ። ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ሌሎችም ቀለሞች የተስፋፉት ደግሞ በአውሮፓ ነው። በ1930ዎቹ በፓሪስ ጁዶ ያስተምር የነበረው ሚኪኖሱኬ ካዋይሺ በዚህ ረገድ ስሙ ይነሣል። ነጭ ቀበቶ ሳይታጠብ በላብና በአቧራ ብዛት ጠቁሮ ጥቁር ቀበቶ ሆነ የሚለው ወሬ ለጆሮ ቢጥምም ተረት ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛው፣ የቀበቶን ማዕርግ ያበጁት መምህራን ናቸው፤ ያበጁትም ለትምህርት እንዲረዳ ነው። ተማሪው የት እንደ ደረሰ ይወቅ፤ መምህሩም ቀጥሎ ምን ማስተማር እንዳለበት ይለይ፤ ጀማሪው ከአቅሙ በላይ ከሆነ ተጋጣሚ ጋር ገጥሞ እንዳይጎዳ ይጠበቅ የሚል አሳብ አለበት። ሁለተኛው፣ ጥቁር ቀበቶ የትምህርት መደምደሚያ ሆኖ አልታሰበም። በጃፓን ቋንቋ የመጀመሪያው ዳን «ሾዳን» ይባላል፤ ትርጉሙም የመነሻ ደረጃ ማለት ነው። መሠረታዊውን ስልት ያጠና ሰው እውነተኛውን ትምህርት ለመጀመር በቃ ለማለት የሚሰጥ ምስክር ነው። ስለዚህ ጥቁር ቀበቶ ታጥቆ «ከእንግዲህ ጨርሻለሁ» የሚል ሰው የታጠቀውን ነገር ትርጉም አላወቀም።

ማዕርግን በድካምና በጊዜ መለካት ለአፍሪቃ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። በኬንያና በታንዛንያ በሚኖሩት ማሳዮች ዘንድ ወጣት «ሞራን» ማለትም ጦረኛ የሚሆነው፣ ጦረኛውም ወደ ሽማግሌነት የሚያልፈው በማኅበረሰቡ ፊት በሚፈጸም ሥርዓት ነው። ኤውኖቶ በሚባለው በዓል የጦረኛው ረጅም ጠጉር ይላጫል፤ ከጉርምስና ወደ ከፍ ያለ ኃላፊነት መሸጋገሩን ሁሉም ያያል። ዩኔስኮም በ2018 እ.ኤ.አ. ይህንና አብረውት ያሉትን ሁለት ሥርዓቶች አስቸኳይ ጥበቃ በሚያሻቸው ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል። በኢትዮጵያም ቢሆን የቅኔ ቤት ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እያደገ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል እንጂ በአንድ ቀን መወድስ ቆጣሪ አይሆንም። የድጓ መምህር ለመሆን የሚሻውም ወደ ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር የቆየ ልማድ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ለተማሪው የሚመሰክርለት ያስተማረው ሰው ብቻ አለመሆኑ ነው። የራስን ተማሪ ማመስገን ቀላል ነው፤ የሌላ ሊቅ ምስክርነት ግን ይከብዳል።

እንግዲህ ሥርዓቱ ጥሩ ከሆነ ጉድለቱ ከየት ይመጣል? ጉድለቱ የሚመጣው ማዕርግ ሸቀጥ ሲሆን ነው። በናይሮቢም ሆነ በሌላ ታላቅ ከተማ ብዙ አሠልጣኞች የሚተዳደሩት ከሠልጣኞች በሚሰበስቡት ክፍያ ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም የፈተና ክፍያ፣ የምስክር ወረቀት ክፍያና የአዲስ ቀበቶ ዋጋ አለ እንበል። አሠልጣኙ ፈተናውን ባበዛ መጠን ገቢው ይበዛል፤ ሠልጣኙን በጣለ መጠን ደግሞ ደንበኛውን ያጣል። እንዲህ ባለ ስፍራ ላይ አንድ ሰው ሻጭም ዳኛም ይሆናል። ጥሩ ሰው እንኳ ቢሆን በዚህ ፈተና ውስጥ መግባት አይኖርበትም።

ከዚህ ሁለት በደሎች ይወለዳሉ። የመጀመሪያው በድኻው ልጅ ላይ የሚደርስ ነው። በኪቤራ ወይም በማታሬ ሰፈር የሚኖር፣ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣ፣ ወለሉን ጠርጎ ልምምዱን የሚጀምር ልጅ የፈተናውን ክፍያ ባለማግኘቱ ዓመቱን ሙሉ በቢጫ ቀበቶ ይቆያል እንበል። ከእርሱ በኋላ የመጣው፣ ልምምድ የሚያቋርጠው፣ አባቱ የሚከፍልለት ልጅ አልፎት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ ባለ ቢጫው ለባለ ሰማያዊው ቀድሞ እጅ እንዲነሣ ያዘዋል። ይህ ልጅ በዚያች ሰዓት የሚማረው ካራቴ አይደለም፤ ድካም ዋጋ እንደሌለው ነው። አንድ ማሠልጠኛ ለሕፃን ልጅ ሊሰጠው ከሚችለው ትምህርት ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

ሁለተኛው በደል በተሾመው በራሱ ላይ የሚደርስ ነው። የዚህ ሙያ ማዕርግ እንደ ሌላው ጌጥ አይደለም። ወረቀት ላይ በደንብ የማይጽፍ ሰው ያልተገባ ማዕርግ ቢያገኝ ጽሑፉ ይበላሻል፤ ራሱን መከላከል የማይችል ሰው «ትችላለህ» ቢባል ግን ሕይወቱ ሊጠፋ ይችላል። ማታ ከአውቶቡስ ወርዳ በጨለማ መንገድ ወደ ቤቷ የምትሄድ ልጃገረድ መሸሽና መጮኽ ሲገባት፣ የወገቧን ቀበቶ አምና ከታጠቀ ወንበዴ ጋር እንድትገጥም ያደረጋት አሠልጣኝ በኃላፊነት ሊጠየቅ ይገባል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ከንቱ ድካም ብቻ አይደለም፤ በዚህ ሙያ ውስጥ አደጋም ነው።

አንዳንድ ሰዎች ለዚህ መልስ አላቸው። «አሠልጣኙም ይበላል፤ የአዳራሹም ኪራይ ይከፈላል» ይላሉ። አባባሉ እውነትነት አለው። በነጻ የሚሰጥ አገልግሎት ብዙ ጊዜ አይዘልቅም፤ ለሙያው ዋጋ መጠየቅም ነውር አይደለም። ይሁን እንጂ ለማስተማር መክፈልና ለማለፍ መክፈል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወርኃዊው ክፍያ አስቀድሞ ታውቆ፣ ሁሉም በሚያየው ስፍራ ተጽፎ፣ የማይችለውም ልጅ በአገልግሎት ወይም በቅናሽ የሚማርበት መንገድ ቢበጅ አሠልጣኙ አይጎዳም። ፈተናውን ደግሞ ከክፍያው ጋር ግንኙነት የሌለው ሌላ አሠልጣኝ ቢፈትን፣ ማዕርጉ ክብር ያገኛል። ኬንያ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የስፖርት ሕግ የስፖርት ድርጅቶች እንዲመዘገቡ አዛለች፤ መዝጋቢ ጽሕፈት ቤትና የስፖርት ክርክሮችን የሚዳኝ ሸንጎም አቋቁማለች። ስለዚህ ወላጅ ልጁን ከማስመዝገቡ በፊት ማሠልጠኛው በየትኛው ማኅበር ሥር እንዳለ መጠየቅ ይችላል፤ መጠየቅም ይገባዋል።

ጊዜም ራሱ ፈታኝ ነው። በሴኡል በ1972 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ኩኪዎን የተባለው የቴኳንዶ ማዕከል ከ1ኛ ዳን ወደ 2ኛ ለማለፍ ቢያንስ 1 ዓመት፣ ከ2ኛ ወደ 3ኛ 2 ዓመት፣ ከ3ኛ ወደ 4ኛ 3 ዓመት እንዲጠበቅ ይደነግጋል። ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆችም ሙሉውን ጥቁር ቀበቶ በመስጠት ፈንታ፣ «ፑም» የሚባል ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር የሆነ ቀበቶ አዘጋጅቷል። ይህ ድንጋጌ ጥበብ አለበት። የልጅን ትጋት ያከብራል፤ ነገር ግን ልጅን እንደ ሙሉ ሰው አያሞኘውም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ነው።

ይሁንና ጥንቃቄ ሁሉ ፍትሕ አይደለም። ማዕርግ ለማይገባው እንደሚሰጥ ሁሉ ለሚገባውም ይከለከላል። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ኬይኮ ፉኩዳ ናት። በ1913 እ.ኤ.አ. የተወለደችው ይህች ጃፓናዊት አያቷ ለካኖ ጁጂትሱ ካስተማሩት ሰዎች አንዱ ነበር፤ እርሷም ከካኖ ዘንድ ጁዶ ተማረች። በ1953 5ኛውን ዳን አገኘች። ከዚያ በላይ ያለው ማዕርግ ለሴቶች አይሰጥም ነበርና እስከ 1972 ድረስ በዚያው ቆመች። በእነዚያ ዓመታት ከእርሷ ያነሱ ወንዶች አልፈዋት ሊሄዱ ይችሉ ነበር። እርሷ ግን ማስተማሯን አላቋረጠችም። በ2006 ኮዶካን 9ኛውን ዳን ሰጣት፤ በ2011 ደግሞ የሚኖሩባት የአሜሪካ የጁዶ ድርጅቶች በ98 ዓመቷ 10ኛውን ዳን አጸደቁላት። በ2013 አረፈች። የእርሷ ታሪክ የሚያሳየው ሙያ ያለ ማዕርግ ሊኖር እንደሚችል ነው። ነገር ግን የእርሷ ትዕግሥት የከለከሏትን ሰዎች ከጥፋት ነጻ አያወጣቸውም። በናይሮቢ ከወንድሞቿ ጋር ተሰልፋ የምትሠለጥን ልጃገረድም ፈተናዋ በሌላ ሚዛን እንዳይመዘን መጠበቅ አለባት።

ከማዕርግ ጋር የማይነጣጠለው ሌላው ነገር ሥነ ሥርዓት ነው። እጅ መንሣት፣ በዝምታ መቀመጥ፣ አሠልጣኝን በማዕርጉ መጥራት ለላይ ተመልካች ባዶ ልማድ ይመስላል። ነገር ግን ሰውን መምታትና መጣል በሚጠናበት ስፍራ ይህ ልማድ አጥር ነው። ሁለት ሠልጣኞች ከግጥሚያ በፊት እጅ ሲነሣሡ «ሰውነቴን አምኜ ሰጥቼሃለሁ፤ ጠብቀኝ» እንደ ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ ሥነ ሥርዓቱ አንድ ወገን ብቻ የሚፈጽመው አይደለም፤ ታናሹ እጅ ሲነሣ ታላቁም ይመልሳል። ስዋሂሊ ተናጋሪ ልጅ ለታላቁ «ሺካሞ» ብሎ አክብሮቱን ሲገልጽ፣ ታላቁ «ማራሃባ» ብሎ ይቀበለዋል። በኢትዮጵያም የተቀመጡት ሰዎች ለሚገባው ሰው «ኖር» ብለው ሲነሡ፣ እርሱ «በእግዚአብሔር» ይላል እንጂ ዝም ብሎ አያልፍም። ያልተመለሰ ሰላምታ ክብር አይባልም።

ይህን የዘነጋ ባለ ማዕርግ ሥነ ሥርዓቱን ወደ ጭቆና ይለውጠዋል። ታናሹን ልብሱን ያሳጥበዋል፤ ጥያቄ ሲጠይቀው እንደ ድፍረት ይቈጥርበታል፤ «ዲሲፕሊን ነው» እያለ ይመታዋል። በኬንያ ግን በትምህርት ቤት ተማሪን መግረፍ በ2001 እ.ኤ.አ. ተከልክሏል፤ የ2010ሩ ሕገ መንግሥትም በሰው ላይ የአካል ቅጣት እንዳይፈጸም ይከለክላል። የቀበቶ ቀለም ከሕግ በላይ ሊሆን አይችልም። የጁዶ ደንብ ራሱ ለዚህ የማያሻማ ምሳሌ ይሰጣል። ተጋጣሚው የታነቀ ወይም ክንዱ የተጠመዘዘ ሰው ምንጣፉን ወይም ባላጋራውን ደጋግሞ በእጁ መታ መታ ካደረገ፣ ያሸነፈው ሰው ወዲያውኑ መልቀቅ አለበት። የመታው ጀማሪ፣ ያሸነፈውም ታላቅ ባለ ዳን ቢሆን ደንቡ አይለወጥም። የታናሹ ምልክት የታላቁን እጅ ያስቆማል። መከባበር ማለት ይህ ነው።

እነዚህን ጉድለቶች ያዩ ሰዎች «ቀበቶ ሁሉ ይቅር» ይላሉ። ብዙዎቹ የቻይና የኩንግ ፉ ትምህርት ቤቶች ከጥንት ጀምሮ ያለ ባለ ቀለም ቀበቶ እንዳስተማሩ ይጠቅሳሉ። በናይሮቢ ድኻ ሰፈሮች ባሉ ትምህርት ቤቶች ለልጃገረዶች የሚሰጠውን የራስ መከላከያ ሥልጠናም ያነሣሉ፤ በዚያ ሥልጠና የመጀመሪያው መሣሪያ ድምፅን ከፍ አድርጎ «አይሆንም» ማለት ነው፤ ለዚህም ቀበቶ አያስፈልግም። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ለአጭር ሥልጠና ማዕርግ በእርግጥ አያሻም። ለረጅም ዓመታት ለሚዘልቅ ትምህርት ግን መንገደኛ የኪሎ ሜትር ድንጋይ እንደሚያሻው ሁሉ ተማሪም የደረሰበትን የሚያውቅበት ምልክት ያሻዋል። ድንጋዩ ውሸት ቢጻፍበት ድንጋዩን ነቅሎ መጣል መፍትሔ አይሆንም፤ ጽሑፉን ማረም ነው የሚበጀው።

በመጨረሻም የማዕርግ ዳኛ ሥራ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ኬንያዊቷ ፌይዝ ኦጋሎና ኢትዮጵያዊው ሰሎሞን ደምሴ በቴኳንዶ ለአገሮቻቸው ተሰልፈዋል። በዚያ ምንጣፍ ላይ ነጥብ የሚያስገኘው ኢላማውን የመታ ምት ነው፤ የቀበቶ ቀለም አንዲት ነጥብ አይጨምርም። ኑሮም እንዲሁ ናት። በተማሪ ቤት በኩረጃ የተገኘ ውጤት፣ በመሥሪያ ቤት በዘመድ የተገኘ ሹመት፣ በማሠልጠኛ በገንዘብ የተገኘ ቀበቶ ሁሉም የፈተና ቀን ሲመጣ ባለቤታቸውን ጥለው ይሄዳሉ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ብዙ ሰው አሳስቷል። ማዕርግ የሚበላ ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው፣ ማዕርጉን ለመግዛትም ለመሸጥም አያፍርም። ማዕርግ የሚሸከሙት ኃላፊነት መሆኑን የተረዳ ሰው ግን ከመሾሙ በፊት ትከሻውን ያጠነክራል፤ ከተሾመ በኋላም ከታች ላለው እጁን ይዘረጋል። በናይሮቢ አዳራሽ በረድፉ መጨረሻ ነጭ ቀበቶ ታጥቃ የምትቆም ልጅ ከፊቷ ያለው ጥቁር ቀበቶ በላብ የተገኘ መሆኑን ማመን መቻል አለባት። ይህን እምነት መጠበቅ ቀበቶውን የሚሰጡትም፣ የሚቀበሉትም ሰዎች ግዴታ ነው።